አደይ አበባ ምን ታስተምረናለች?

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሜዳው በአደይ ይሸፈናል። ብዙዎቻችን «እንዴት ያምራል!» ብለን እናልፋለን። ግን አንዲቱን አበባ ቀርበን ተመልክተናታልን?

እኛ አንድ አበባ የምንላት በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ቢጫዎቹ ያስጌጧታል፤ በመካከል ተጠጋግተው የቆሙት ደቃቆቹ ደግሞ ዘር ይሰጣሉ። ዘሩ በጋውን በደረቅ አፈር ውስጥ ተኝቶ ዝናቡን ይጠብቃል። ማንም ሳይዘራው፣ ማንም ሳያርመው በጊዜው ይነሣል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የሜዳ አበቦችን እንድንመለከት ሲያዝዘን ስለ ነገ የሚጨነቀውን ልባችንን ሊያሳርፍልን ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ብላ የእመቤታችንን ከልጇ ጋር መሰደድ ታስብበታለች።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንን እንውቀስ። ባለፈው የደመራ ዕለት አደዩን ከነሥሩ እየነቀልን በእቅፍ በእቅፍ ተሸከምን፤ ሲመሽ ጠውልጎ በየመንገዱ ጣልነው። አንዲት እናት ይህን አይተው «ልጆቼ፣ ለከርሞ ምን አስቀራችሁ?» ቢሉን መልስ አጣን። ለካስ ዘር ሳይሰጥ የተነቀለ አበባ ለከርሞ የሚተወው የለውም!

ስለዚህ ምስጋናችን በከንፈር ብቻ አይቅር። ለደመራ የሚበቃንን ጥቂት ቆርጠን የቀረውን ለዘር እንተወው። የፈጣሪን ሥራ እያደነቁ ማጥፋት ምስጋና አይባልምና።