ቀበሌና ወረዳ

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። ከጎጃም የመጡት አጎቴ «ጉዳዬ ከቀበሌ አልፎ ወረዳ ደረሰ» ሲሉኝ ግራ ገባኝ። እኛ ዘንድ መታወቂያ የሚሰጠው ራሱ ወረዳው አይደል?

መልስ፦ አጎትዎ ልክ ናቸው። አዲስ አበባ ቀበሌን ስላስቀረች ወረዳ የታችኛው እርከን ሆኗል፤ ከበላዩ አራዳ ክፍለ ከተማ አለ። በገጠር ግን ወረዳ ብዙ ቀበሌዎችን፣ ቀበሌም ጎጦችን ያቅፋል። የገጠር ቀበሌ መነሻው የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው፦ ቢያንስ 800 ሄክታር፣ በድሮው ልክ 20 ጋሻ፣ ለአንድ ገበሬ ማኅበር። አጎትዎን ይጠይቋቸው፤ ቀበሌውን «ገበሬ ማኅበር» ሳይሉት አይቀሩም።