የጎባና የሮቤ ገበያ፦ የእጅ ሥራና ጌጣ ጌጥ ለሚገዛ ጎብኚ

ወደ ባሌ ደጋ የሚወጣ ጎብኚ ልቡ ያለው ሳነቲ አምባ፣ ቀይ ቀበሮውና ሐረና ደኑ ላይ ነው። ለዘመድ ለወዳጅ የሚወስደው ስጦታ ትዝ የሚለው ሻንጣውን በሚያስርበት ምሽት ስለሆነ ካረፈበት ቤት አጠገብ ያገኘውን ገዝቶ ይመለሳል። በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና እንዳሉት ያሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ጎባ ላይ ተደርድረው አይጠብቁትም። ብዙዎች ይህን ያዩና «እዚህ የሚገዛ ነገር የለም» ብለው ይደመድማሉ። እኔ ደግሞ የባሌ ገበያ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው እላለሁ። ለጎብኚ ተብሎ የሚሠራ ዕቃ እምብዛም ስለሌለ፣ ገበያው ላይ የሚወጣው የእጅ ሥራ የአገሩ ሰው ራሱ የሚለብሰው፣ ወተት የሚይዝበት፣ እህል የሚያበጥርበት ነው። ባላገሩ ዕቃውን ከማንም በላይ ስለሚያውቅ የላላ ስፌትና የሳሳ ሸማ አይገዛም፤ እሱ መርጦ ያለፈበት ዕቃ ለእንግዳውም ዋስትና አለው። ስለዚህ በጎባና በሮቤ ጥሩ ግዢ ማለት ባላገሩ የሚገለገልበትን ዕቃ፣ በተቻለ መጠን ከሠራው ሰው እጅ፣ የሠራበትን ቀን በሚመልስ ዋጋ መግዛት ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚመነጭ ነው።

ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ በኩል የሚመጣው መንገድ መጀመሪያ የሚያደርሰው ሮቤ ነው፤ የአየር ማረፊያውም ያለው እዚያው ነው። የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ሁለቱን ገበያዎች በአንድ ጉዞ ማየት ቀላል ነው። የጎባ ትልቁ ገበያ ረቡዕ፣ የሮቤው ሐሙስ ይቆማል። በበዓል ሰሞን ቀን ሊዛወር ስለሚችል ካረፉበት ቤት ማረጋገጥ ይበጃል። የገበያ ቀን ጥቅሙ ሱቅ በሌላ ቀን ስለሚዘጋ አይደለም። ከገጠር የሚመጡት፣ ማለትም የሠሩትን ይዘው የሚወጡት ሴቶች፣ የሚገኙት በዚያ ቀን ብቻ በመሆኑ ነው። ሠሪዋን ከቸርቻሪ መለየትም ከባድ አይደለም። ቸርቻሪ ፊት ብዙ፣ ተመሳሳይና እኩል የሆነ ዕቃ ይደረደራል። ሠሪዋ ፊት ያለው ሁለት ሦስት ዕቃ ነው፤ መጠኑም ቀለሙም ይለያያል፤ ያልተጨረሰ ስፌት ከነወስፌው ጭኗ ላይ ከታየ ጥያቄው ተመለሰ ማለት ነው። ሰላምታ ሳያቀርቡ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው። «አከም» ብሎ ጀምሮ፣ «ሜቃ?» ብሎ ዋጋ ጠይቆ፣ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን በኦሮምኛ ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ቀሪውን ጨዋታ በአማርኛ መቀጠል ይቻላል።

ለባሌ ብርድ የሚስማማው የመጀመሪያው ግዢ ቡልኮና ጋቢ ነው። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከዚያ በላይ ያለው ሳነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር ስለሚያልፍ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እዚህ አገር ወፍራም ልብስ ጌጥ ሳይሆን የዕለት ኑሮ ነው። ሆኖም ገዢው አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ ጥጥ የቆላ ሰብል ስለሆነ በጎባ ከፍታ ላይ አይበቅልም። ገበያው ላይ ከሚዘረጋው ሸማ ከሌላ አገር የመጣ ይኖራል፤ የአዲስ አበባውን የሽሮ ሜዳ ገበያ የሚመግቡት ሸማኔዎችም አብዛኞቹ የጋሞ ደጋ ልጆች፣ የዶርዜ ሰዎች ናቸው። «የት ተሠራ? ማን ፈተለው?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ ተገቢ ነው። ጥራቱን ደግሞ ዓይንና ጣት ይናገራሉ። ሸማውን ወደ ብርሃን አንስተው ማጉን ይመልከቱ። በእጅ የተፈተለ ማግ አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካ ክር ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር መሆኑ የተለመደ ስለሆነ ነውር የለበትም፤ የሚሞቀውና የሚለሰልሰው ማጉ ነው። ጋቢ አራት ድርብ መሆኑን ከጠርዙ ገልጠው ይቁጠሩ። ከተንጠለጠለው ጫፍ አንድ ክር በሻጩ ፈቃድ መዝዘው ቢያቃጥሉት ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠጠር ይሠራል።

ሁለተኛው ስፌትና የወተት ዕቃ ነው። ሰፌድ፣ ሞሰብና አገልግል ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ጥበብ ነው፤ የሣር እምብርት ይጠቀለላል፣ በወስፌ እየተበሳ በአክርማ ይጠለፋል፣ ዙር በዙር ላይ ይነባበራል። ጥራቱን ለመለካት አውራ ጣትዎን ስፌቱ ላይ ያሳርፉና በጣትዎ ስፋት ውስጥ ስንት ዙር እንዳለ ይቁጠሩ። ዙሩ በበዛ ቁጥር ስፌቱ ጠንካራ፣ የፈጀውም ቀን ብዙ ነው። ቀጥሎ ጠርዙን በሁለት እጅ ይዘው ቀስ ብለው ይጫኑት፤ ጥሩ ስፌት ይመለሳል፣ የላላው ተጣሞ ይቀራል። ቀለሙን በረጠበ ጨርቅ አሽተው ቢፈትኑት የሚለቅ መሆኑን ያኔውኑ ያውቁታል። ዛሬ ከማዳበሪያ ከረጢት በወጣ የፕላስቲክ ክር የሚሰፋም አለ። እሱም የሴት እጅ ሥራ ነው፤ ያምራል፣ ይታጠባልም፤ ዋጋው ግን የሣሩ ስፌት ዋጋ ሊሆን አይገባም። የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች ለወተት የሚገለገሉበት ጮጮ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ወተት እንዳያፈስ ተጠብቆ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ውስጡ በእንጨት ጭስ ይታጠናል። ክዳኑን ከፍተው ያሽትቱት። የጭስና የወተት ሽታ ካለው በቤት የኖረ ነው፤ ሽታ ከሌለው አዲስ ወይም ለማስቀመጫ የተሠራ ነው። ሁለቱም ይገዛሉ፤ አንዱን በሌላው ዋጋ መግዛት ግን ስሕተት ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። የጉዞ ምክር የሚሰጡ ሰዎች «የጠሩትን ግማሽ ስጥ» ይላሉ። ይህ ደንብ በሁለት በኩል ይስታል። ሻጯ እውነተኛውን ዋጋ ከጠራች ገዢው የሰው ቀን ይቀማል፤ ሦስት እጥፍ ከጠራች ደግሞ ግማሹን ሰጥቶም ተሞኝቷል። የተሻለው ሒሳብ ቀላል ነው። ዕቃው ስንት ቀን እንደፈጀ ይጠይቁ፤ በከተማው የአንድ ቀን ሠራተኛ ስንት እንደሚከፈለው ካረፉበት ቤት ይጠይቁ፤ ሁለቱን አባዝተው የሣሩን ወይም የጥጡን ዋጋ ይጨምሩ። ከዚህ ድምር በታች የተገዛ ዕቃ ርካሽ አይባልም፤ የጎደለውን ሴቲቱ ከራሷ ጎን ቆርሳ ከፍላለታለች። «የነገሩኝ ቀን እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለዚህ ነው ከሁለት ሦስት ሻጮች መጠየቅና ዙሩን መቁጠር ያስፈለገው፤ ዕቃው ራሱ ምስክር ነው። «ዋጋ መከራከር እኮ የገበያው ባህል ነው፤ ካልተከራከርኩ ገበያውን አበላሻለሁ» የሚልም ይኖራል። ትክክል ነው፤ ክርክሩ የመተዋወቂያ መንገድም ስለሆነ አይቅር። ነገር ግን በመጀመሪያ በጥራት፣ ቀጥሎ በዋጋ ይከራከሩ። «እዚህ ጋ ላልቷል» ብሎ አሳይቶ ቅናሽ መጠየቅ ለሠሪዋ አክብሮት ነው፤ ዕቃውን ሳያዩ «የመጨረሻው ስንት ነው?» እያሉ ማስጨነቅ ግን ትርፉ ጥቂት ብር ብቻ ነው።

ጌጣ ጌጥ ላይ ሲደረስ ጥንቃቄው ይበረታል፤ የብርና የዶቃ ምንጭ እንደ ስፌት በዓይን አይታይምና። ባሌ በብር አንጥረኛነቷ የምትታወቅ አገር አይደለችም። «የድሮ ብር ነው» የሚባል መስቀል፣ አምባር ወይም ሐብል ሲቀርብልዎ በአብዛኛው ከሌላ ገበያ ዞሮ የመጣ ነው። ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ አንጥረኞች ጌጥ የሚሠሩት እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት የታተመበትን የማሪያ ትሬዛ ብር አቅልጠው ነበር። ያ ሳንቲም 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ይህ ለገዢው መለኪያ ይሰጠዋል። ብር በግራም የሚሸጥ ማዕድን ስለሆነ ጌጡን ማስመዘንና የዕለቱን ዋጋ ማጣራት ይቻላል፤ ከማዕድኑ ዋጋ በታች «ንጹሕ ብር» የሚሸጥልዎ ሰው የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው። ማግኔት ቢይዙም አይጠቅምም፤ ብርንም፣ ነሐስንም፣ አልሙኒየምንም አይስብም። አምበር የሚባለው ትልልቅ ቢጫ ዶቃም እንዲሁ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ ከሰው ሠራሽ ሙጫ ተሠርቶ በመላ አፍሪካ የተሸጠ አምሳያ አለው። ጨው ከዚያ በላይ እስከማይሟሟበት ድረስ በበዛበት ውኃ ውስጥ እውነተኛው ይንሳፈፋል። የሰመጠው አምበር አይደለም፤ የተንሳፈፈ ሁሉ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይቻልም። በዚህ ምክንያት ጌጥ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው በአገሩ ሴቶች እጅ የሚሠራውን የጨሌ ጌጥ ነው። ጥቁር፣ ቀይና ነጩ ጨሌ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ያለው አሰካኩ ላይ ስለሆነ ማንም በዕድሜው ሊያታልልዎ አይችልም።

የማይገዛም አለ። ሲንቄ ኦሮሞ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው በትር ነው፤ ይዘውት የወጡ ሴቶች ጠብ ያቆማሉ፣ መብታቸውን ያስከብራሉ። ጫጩም ለሥርዓት የሚያዝ የሴቶች ጨሌ ነው። የድሬ ሼክ ሁሴን ቅዱስ ስፍራ ተሳላሚዎች የሚይዙት ጫፉ ሹካ የሆነ በትርም የጸሎት ጓዝ ነው። «ጎብኚ ካልገዛው ባህሉ ይጠፋል» የሚል መከራከሪያ አለ፤ ለስፌትና ለሸማ እውነት ነው፣ እነሱ ገዢ ሲያጡ ሠሪ ያጣሉ። ሲንቄን ያቆየው ግን ገበያ አይደለም፤ ሰርግና የሴቶቹ መተማመን ነው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. ሲንቄ አካሉ የሆነበትን የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲያሰፍር የመዘገበው ሕያው ሥርዓት ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ በትር ሥርዓቱን አይሸከምም። የዱር እንስሳ ቆዳ፣ የደጋ አጋዘን ቀንድና የዝሆን ጥርስ መግዛት ደግሞ ወንጀልም ነው። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ ያቃጠለችው ገበያው እንዲዘጋ ነው። አሮጌ ብራና፣ መስቀልና ሌላ ጥንታዊ ዕቃም በቅርስ ሕጉ መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አዲስ ዕቃ ሲገዙ አዲስ መሆኑን የሚገልጽ ደረሰኝ መያዝ በአየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ ያግዛል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፦ «ይህን ሁሉ ከማድረግ ሽሮ ሜዳ ወይም መርካቶ ምርጫው ብዙ፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ አይደለም?» ለጋቢ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሸማኔው ያለው እዚያ ነውና፣ ሰፊ ምርጫ የሚፈልግ እዚያ ቢገዛ አልነቅፈውም። ስፌቱና የወተት ዕቃው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከባሌ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰ ዕቃ በሁለት ሦስት እጅ ያልፋል፤ ዋጋው ሲጨምር የሠሪዋ ድርሻ አይጨምርም፤ ማን እንደሠራውም የሚናገር የለም። ሌላው ዓለም ይህን ጉዳት አይቶታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የነባር ሕዝቦች ያልሠሩትን የእጅ ሥራ የእነሱ ነው ብሎ መሸጥን የሚቀጣ ሕግ ያወጣችው አምሳያው የእውነተኞቹን ሠሪዎች ዋጋ ስለሰበረ ነው። ባሌ ገና እዚያ አልደረሰችም። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ ግን ጎብኚው ይበዛል፤ ጎብኚ በበዛበት አገር የስጦታ ሱቅ ይከተላል። ሱቁ የጎባን ሴት ስፌት ይዞ ይከፈት ወይስ ከሩቅ የመጣ አምሳያ፣ የሚወስነው ዛሬ የምንጠይቀው ጥያቄና የምንከፍለው ዋጋ ነው።

ለመሸከሙም ጥቂት ምክር። ዝርዝር ብር ይዘው ይውጡ፤ ለትልልቅ ኖት መልስ ማግኘት ይከብዳል። ሞሰብ ውስጡ በልብስ ከተሞላ በሻንጣ አይጨፈለቅም። የሐረና ማር ከገዙ በጠበቀ ዕቃ አሽገው በጭነት ሻንጣ ያስገቡት፤ በእጅ ይዘው አውሮፕላን አያሳልፉትም። የሻጯን ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ። ከሁሉም በላይ፣ ከመለያየትዎ በፊት ዕቃውን የሠራችውን ሴት ስምና መንደር ጠይቀው ለሚሰጡት ሰው ከስጦታው ጋር ይንገሩት።