ምዕራፍ 7፦ የሰው ጂኦግራፊን ከሮብ ገበያ መማር

የሰው ጂኦግራፊ የሚያስቸግራችሁ ስለ እናንተው የተጻፈ መሆኑን የነገራችሁ ስለሌለ ነው። ጥግግት፣ ፍልሰት፣ አሰፋፈር፣ ከተሜነት የሚሉት ርዕሶች በእንግሊዝኛ ተደርድረው ሲመጡ የሌላ አገር፣ የሌላ ሕዝብ ጉዳይ ይመስላሉ። እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ስትማሩት የገባችሁ ሁሉ 9ኛ ክፍል ላይ ድንገት ባዕድ ይሆናል። ያኔ ሽምደዳ ይጀመራል። ሽምደዳ ደግሞ የት እንደሚያደርስ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች አይተናል፤ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ።

ሮብ ገበያ በምትባል የጎጃም ከተማ ያደገችና ዛሬ መምህርት የሆነች አንዲት ወዳጄ፣ ትምህርቱ የገባትን ቀን አትረሳም። መምህሯ ራቨንስታይንን እያስተማሩ ነበር። ራቨንስታይን ጀርመን ተወልዶ እንግሊዝ የኖረ ካርታ ሠሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1885 የብሪታንያን የቆጠራ መዝገብ አገላብጦ ስለ ፍልሰት ጻፈ። አብዛኛው ፍልሰተኛ ሩቅ አይሄድም አለ፤ በአጭር ርቀት ከወንድ ይልቅ ሴት ትፈልሳለች አለ፤ ሄያጅ ባለበት ሁሉ ተመላሽም አለ አለ። ልጅቱ ይህን ከሰሌዳው እየገለበጠች ሳለ እናቷ ትዝ አሏት። እናቷ ከወዲያኛው ሸንተረር በበቅሎ ተድረው የመጡ ናቸው። አያቷም እንደዚያው ናቸው፤ የጎረቤት ሚስቶችም እንደዚያው። ወንዶቹ ግን እትብታቸው ከተቀበረበት ንቅንቅ አላሉም። «እናቴ ፍልሰተኛ መሆኗን ያን ቀን አወቅሁ» ትለኛለች።

ማታ ቤት ገብታ «እማ፣ ስትዳሪ ስንት ዓመትሽ ነበር?» ብላ ጠየቀች። እናት «ምኑን አውቄው ልጄ፤ የወተት ጥርሴን እንኳ ነቅዬ አልጨረስኩ» አሉ። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በመጽሐፉ ውስጥ ጥቂት መስመር ነው የተሰጠው። ልጅቱ ግን ከዚያ ማታ በኋላ ያንን ርዕስ ለማስታወስ ደብተር መግለጥ አላስፈለጋትም፤ ራሷም ለጠያቂ ሽማግሌ እንዳትሰጥ አባቷን ደፍራ ለመናገር የበቃችው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ የእኔ ዋና መድኃኒት ይህ ነው፤ መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት ሰፈራችሁን አንብቡ። ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ደግሞ ገበያ ነው።

ሮብ ገበያ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን ወደ ጮቄ ሲወጡ ትገኛለች። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ የሚል ተራራ ነው፤ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ተምጫ ከዚያ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በገበያዋ ቀን ጠዋት ደብተር ይዛችሁ ከመግቢያው ቁሙ። ከክፍል ቅሩ ማለቴ አይደለም፤ በፈረቃ የምትማሩ ከሆነ በነፃው ፈረቃችሁ፣ ካልሆነም በክረምቱ ዕረፍት አድርጉት። የሚገባውን ሰው አምስት ነገር ጠይቁ፦ ከየት መጡ? በእግር ነው በመኪና? ስንት ሰዓት ፈጀ? ምን ይዘው መጡ? ምን ገዝተው ይመለሳሉ?

ከላይ ከውርጩና ከደጋው የሚወርደው ገብስ፣ ድንች፣ እንግዶና በግ ይዞ ነው። ከታች ከወይና ደጋው የሚወጣው ጤፍና በቆሎ ይዞ ነው። ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው ነጋዴ ጨው፣ ሳሙና፣ የፕላስቲክ ጫማና ሰልባጅ ያራግፋል፤ መኪናው ሲመለስ ድንችና ባሕር ዛፍ ይጭናል። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያላችሁ በከፍታ ልክ የሸመደዳችሁት ሠንጠረዥ ጆንያ ተሸክሞ በፊታችሁ ያልፋል። ደጋው ያለ ወይና ደጋው፣ ገጠሩም ያለ ከተማው እንደማይኖር ለማወቅ ከዚያ የተሻለ ክፍል የለም።

ስትጠይቁ አክብሮት ይኑራችሁ። ሰላምታ ሳታስቀድሙ ጥያቄ አትጀምሩ፤ ሸክም ያልወረደለትን ሰው አታቁሙ፤ ሸክሙን አግዛችሁ አውርዱና «አባባ፣ ተማሪ ነኝ፤ ለትምህርቴ ነው» በሉ። ሰላም በሌለበት ቀን ደግሞ ከቤት አትውጡ። የግብር መዝጋቢ እንዳይመስሏችሁ ዓላማችሁን አስረዱ። ጎጃም ውስጥ ደብተር ይዞ የሚጠይቅ ሰው በበጎ ዓይን አይታይም፤ በቂ ምክንያትም አለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብሎ ገበሬው ተነሥቶ ብዙ ደም ፈሷል። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት ሽግሽጉ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ሰጠ፤ «ቢሮክራት» ተብሎ መሬቱ የተቀነሰበት አባወራ ቅሬታው ለልጅ ልጁ ተርፏል። ያኮረፏችሁን ሰዎች ዝምታ እንኳ መዝግቡት። የመሬት ይዞታ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ዝምታ ትማራላችሁ።

ማታ የሰበሰባችሁትን ካርታ አድርጉት። ከመሃል ሮብ ገበያን በነጥብ፣ በዙሪያዋ ሰዎቹ የመጡባቸውን ቀበሌዎች፣ ከየቀበሌው ወደ መሃል መስመር። ብዙ ሰው ከመጣበት መስመሩን አወፍሩት። አሁን የክሪስታለርን የማዕከላዊ ቦታ ንድፈ ሐሳብ ግለጡ። ይህ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1933 የደቡብ ጀርመንን ከተሞች አጥንቶ ያለው እናንተ የሳላችሁትን ነው፤ ሰው ለዕለት ዕቃ ሩቅ አይሄድም፤ ዕቃው እየተወደደና አልፎ አልፎ ብቻ የሚገዛ እየሆነ ሲሄድ የሚገኝበት ከተማም ይተልቃል። ክብሪት ከሰፈር ሱቅ ይገዛል። በግ ለመሸጥ ሮብ ገበያ ይኬዳል። የወፍጮ መለዋወጫ ደብረ ማርቆስ፣ እዚያ ከጠፋ 300 ኪሎ ሜትር ርቃ ካለችው አዲስ አበባ ይመጣል። በየአካባቢው ያሉ ገበያዎች ደግሞ ቀን ተከፋፍለዋል፤ አንዱ ነጋዴ ሰኞ አንዱ ጋ፣ ቅዳሜ ሌላው ጋ ይውላል፤ አንድ ቦታ ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ ለማቆም የሚበቃ ገዢ ስለሌለ ነው። ክሪስታለር የገበያ ክልሎችን የሳለበትን ስድስት ማዕዘን ግን አታገኙትም። ገደሉና ወንዙ ይቆርጠዋል። ለምን እንዳላገኛችሁት በሦስት ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ከቻላችሁ ንድፈ ሐሳቡ የእናንተ ሆኗል።

ይህን ሥራ ለመሥራት መጽሐፍ እንኳ አያስፈልግም። መንገድ በተዘጋበት፣ ትምህርት ቤት ደጁን በዘጋበት በዚህ ክፉ ጊዜ ያደጋችሁ የጎጃም ልጆች፣ ጊዜው ከእጃችሁ የወሰደውን በከፊል በዚህ ልትመልሱት ትችላላችሁ።

አሁን ስለ ሽምደዳ ያስጠነቀቀኝን ታሪክ ላጫውታችሁ። የአንድ ዘመዴ ልጅ የፍልሰትን ገፊና ሳቢ ምክንያቶች በእንግሊዝኛ ሳይተነፍስ ይወጣቸው ነበር። ገፊው የመሬት ጥበት፣ የአፈር መሸርሸር፣ ሥራ ማጣት፤ ሳቢው የተሻለ ክፍያ። ኤቨረት ሊ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1966 የጨመረውን፣ በመነሻና በመድረሻ መሃል የሚቆመውን እንቅፋትም አይዘልም። ፈተናውን ደፈነው። በዓመቱ መስከረም ላይ አንድ ደላላ መጥቶ በመተማና በሁመራ የሰሊጥ አጨዳ በቀን ስንት እንደሚከፈል አወራለት። ልጁ ሰሊጡ በሚታጨድበት በጥቅምት ትምህርቱን ትቶ ወረደ። ገፊውን ያውቀዋል፤ የአባቱ መሬት ለወንድማማቾቹ አይዳረስም። ሳቢውንም ያውቀዋል። እንቅፋቱ የሚለው መስመር ግን ስለ እርሱ የተጻፈ አልመሰለውም። ደላላው ከክፍያው ስንት ይቆርጣል? የት ይታደራል? ከደጋ የወረደ ሰውነት ቆላ ላይ ምን ይገጥመዋል? አልጠየቀም። መጀመሪያ ወባ ጣለው። ቀጥሎ የማይለቅ ትኩሳት ያዘው፤ ሆዱ በግራ በኩል አበጠ፤ ሥጋው አለቀ። ካላዛር ነበር። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው፤ በመተማና በሁመራ ቆላ ከደጋ ለወቅት ሥራ የሚወርደውን ወጣት አብዝቶ ያጠቃል። ጎንደር ታክሞ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ። ያ የትምህርት ዓመት ግን አመለጠው፤ ያገኘው ገንዘብም ለመሳፈሪያና ለመድኃኒት አለቀ።

ቆላ ወርዶ ሠርቶ መብላት ነውር የለውም። አጎበር ሳይይዙ፣ ውል ሳይዋዋሉ፣ ለቤተሰብ የሚሄዱበትን ቦታ ሳይናገሩ በደላላ ቃል መሄድ ግን ነውር ነው። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው «ወባ ነው» ብሎ ክኒን እየገዙ መዋጥም አይገባም፤ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ከየት እንደመጣችሁም ተናገሩ። ደላላውስ? የሰው ልጅ ጆሮ ላይ ገንዘብ አንሾካሹኮ ከእያንዳንዱ ራስ ቆርጦ ይበላል፤ ሰርግና ተዝካር ላይም ከፊት ወንበር ይቀመጣል። የምናስቀምጠው እኛው ነን።

ሌላው የሚያሳዝነኝ «ሶሻል የሰነፍ ነው» የሚለው የወላጆች ንግግር ነው። ጎበዙን ሁሉ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ገፍተን የቀረውን «ሂድ ጂኦግራፊህን ሸምድድ» እንለዋለን። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ረኀብን በየአውራጃው አጥንተው ድርቅ ከሰማይ ቢመጣም ችጋርን የሚያመጣው ሥርዓት መሆኑን ያሳዩት በዚህ ትምህርት ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ያለቀሰላቸው ሰነፍ ስለሆኑ አይመስለኝም።

ወደ ቁጥር እንመለስ። ብዙዎቻችሁን የምትጥለው ሦስት ዓይነት ጥግግት ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ሕዝብ 2,153,937 ነበር፤ ስፋቱ 14,004 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስታካፍሉት በካሬ ኪሎ ሜትር 154 ሰው ይደርሳል። ጥሬ ጥግግት ይህ ነው። ነገር ግን በጮቄ አናትና በዓባይ ገደል 154 ሰው አይኖርም። ሕዝቡን ሁሉ ለሚታረሰው መሬት ብቻ ብታካፍሉት ቁጥሩ ያሻቅባል፤ ፊዚዮሎጂካል የሚሉት እሱን ነው። ገበሬውን ብቻ ለሚታረሰው መሬት ብታካፍሉ የግብርና ጥግግት ይሆናል። በዞናችን ከ10 ሰው 9 ያህሉ የገጠር ስለነበረ የኋለኞቹ ሁለት ቁጥሮች ይቀራረባሉ። ሆላንድ ውስጥ ገበሬው ጥቂት ስለሆነ በጣም ይራራቃሉ። ልዩነቱን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም።

አገሪቱ በ1976 ዓ.ም. ስትቆጠር 42.6 ሚሊዮን፣ በ1987 ዓ.ም. 53.5 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 73.8 ሚሊዮን ገደማ ነበረች። ዕድገቱ በዓመት 2.6 በመቶ ከሆነ 70ን ለ2.6 አካፍሉ፤ ሕዝቡ በ27 ዓመት ግድም እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው፤ አንዳንዱ ግምት ከ120 ሚሊዮን አልፏል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ ተላለፈ፣ በ2011 ዓ.ም.ም ተላለፈ፣ እስከ ዛሬ አልተቆጠርንም። የሰፈርን ልጅ ቁጥር ሳያውቁ ክፍል መሥራት፣ ክፍል ሠርቶም በአንድ ወንበር አራት ልጅ ማጨናነቅ ከዚህ ይመጣል።

የሕዝብ ፒራሚድ ለመሳል የጎጣችሁን ሰው ዕድሜ ጠይቁ። ሽማግሌዎቹ «ለሰባ ሰባቱ ድርቅ ጎረምሳ ነበርሁ» ይሏችኋል። ቆጣሪዎችም እንዲህ በታወቀ ዘመን ነው ዕድሜ የሚያወጡት፤ ሌሎቹ 40፣ 45፣ 50 እያሉ በ0ና በ5 ይደፍኑላችኋል። ልደት በሕግ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ አትፍረዱባቸው። ታናናሾቻችሁን ግን አስመዝግቡ።

የእንግሊዝኛ ቃላቱን በመጨረሻ አጥኑ፤ ነገሩ ገብቷችሁ ሲያበቃ ቃሉ አይከብድም።

ለገበያው ካርታችሁ ሚዛን ሳትጽፉ አታስረክቡ። የአገራችን መልክዐ ምድራዊ ካርታዎች በ1፡50,000 ይታተማሉ፤ ካርታው ላይ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነው መሬት ላይ 2 ኪሎ ሜትር ነው። ሰዎቹ የነገሯችሁን የእግር ሰዓት ከዚህ ጋር አስተያዩት። በካርታ ቅርብ ሆኖ በሰዓት የራቀ ቀበሌ ካገኛችሁ በመሃል ገደል ወይም ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ፤ ስሙን ጠይቃችሁ ጻፉበት።