ሁለት ዲስኮች ሲፎካከሩ ከየት ትገዛለህ?

ልጄ፣ አዲስ ዕቃ በወጣ ቀን ሱቅ በር ላይ ቀድመው ከሚሰለፉት አንዱ መሆንህን አውቃለሁ። ይህን ልነቅፍብህ አልተነሳሁም። ቀድሞ ገዝቶ የሚሞክር ሰው ባይኖር የቴሌቪዥኑም የስልኩም ዋጋ ወርዶ እኛ ዘንድ አይደርስም ነበር። የምመክርህ ከየትና እንዴት እንደምትገዛ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2006 እስከ 2008 ኤችዲ ዲቪዲና ብሉሬይ የተባሉት የፊልም ዲስኮች ሲፎካከሩ እኔ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ሁለቱም ግሩም ዕቃዎች ነበሩ። ያም ሆኖ አንዱ ገዢ ገንዘቡን ሲያስመልስ ሌላው ባዶ እጁን ቀረ፤ የለያቸውም የገዙበት ቦታና የገዙበት መንገድ ነው። ዕቃው ቢለወጥም እንዲህ ያለው ፉክክር ስለማይቀር የማውቀውን ልንገርህ።

1. ሻጩ ከመናገሩ በፊት የሚፎካከሩትን ዕቃዎች ራስህ እወቃቸው።

ሁለቱም ዲስኮች ሲታዩ ከዲቪዲ አይለዩም፤ ስፋታቸውም ያው 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ዲቪዲ በቀይ ጨረር ሲነበብ እነዚህ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ጨረር ይነበባሉ። የዚህ ጨረር ሞገድ አጭር ስለሆነ በዚያው ስፋት ላይ እጅግ ብዙ መረጃ ይሰፍራል። በኤችዲ ዲቪዲ ላይ መረጃው እንደ ዲቪዲ ከገጹ 0.6 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ የድሮውን የማምረቻ መሣሪያ አስተካክሎ መሥራት ይቻል ነበር። በብሉሬይ ግን መረጃው ከገጹ በታች 0.1 ሚሊ ሜትር ላይ ነው ያለው። በዚህ የተነሳ ጭረት የሚቋቋም ሽፋንና አዲስ የማምረቻ መሣሪያ አስፈለገው፤ ዋጋውም ተወደደ። በምላሹ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋባይት ያዘ፤ ኤችዲ ዲቪዲ የያዘው 15 ነበር።

ሶፋው ላይ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ይህ ሁሉ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የፊልም ኩባንያው ዋርነር በሁለቱም ዓይነት ፊልም ያወጣ በነበረበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ያንኑ የተዘጋጀ ምስል በሁለቱም ዲስኮች ላይ ነበር የሚጭነው። ገዢውን ሊያሳስበው የሚገባው የሚወደው ፊልም በየትኛው ዲስክ እንደሚወጣ ነበር። ሶኒ፣ ዲዝኒና ፎክስ ከብሉሬይ ጋር ቆሙ፤ ዩኒቨርሳል ከኤችዲ ዲቪዲ ጋር። ፓራማውንት ሁለቱንም ሲያወጣ ቆይቶ በኦገስት 2007 ብሉሬይን ተወ። እንግዲህ ማጫወቻ ስትገዛ የፊልም ኩባንያዎቹንም አብረህ እየመረጥክ ነበር ማለት ነው።

2. ሁለቱን ጎን ለጎን ከሚሸጥ ሱቅ ጀምር።

አንዱን ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ወገን ይዟል። ፊልም አከራዩ ብሎክበስተር በጁን 2007 ሁለቱንም ሲያከራይ ከነበረባቸው 250 ሱቆች ውጭ በ1,450 ሱቆቹ ብሉሬይ ብቻ እንደሚያስገባ ተናገረ። በቀጣዩ ወር ታርጌት በሱቆቹ ውስጥ የሚያቆመው የብሉሬይ ማጫወቻ ብቻ እንደሚሆን አስታወቀ። እዚያ ገብቶ «የቱ ይሻላል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁለቱን ያመዛዘነ መልስ ከየት ያገኛል?

ሁለቱ ባሉበት ሱቅ ግን ዓይንህ ራሱ ይነግርሃል። የኤችዲ ዲቪዲ ማኅደር ቀይ፣ የብሉሬዩ ሰማያዊ ስለነበር ከሩቅ ይለያሉ። ሰማያዊው ስንት ደርብ ይዟል? ቀዩ ካለፈው ወር ሰፋ ወይስ ጠበበ? አዲስ ፊልሞች ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ናቸው ወይስ ጉልበት ሥር ወርደዋል? የመደርደሪያ ቦታ ለሱቅ ገንዘብ ነው፤ የማይሸጥ ዕቃ እዚያ አያቆይም። ማጫወቻውንም አስከፍተህ እየው። በአፕሪል 2006 በ499 ዶላር የወጣው የቶሺባ የመጀመሪያ የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ ከተከፈተ በኋላ ዲስኩን አንብቦ ሥዕል እስኪያሳይ አንድ ደቂቃ ያህል ያስጠብቅ ነበር። በማስታወቂያው ላይ ይህ አልተጻፈም፤ ባንኮኒው ፊት የቆመ ሰው ግን አየው።

3. ከዋጋው በፊት የመመለሻ ደንቡን ጠይቅ።

ይህን ምክር ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጠህ ያዝልኝ። በኖቬምበር 2007 መጀመሪያ ዋልማርት የቶሺባን የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ በ98 ዶላር ከ87 ሳንቲም ሸጠ፤ ቤስት ባይና ሰርኪዩት ሲቲም ዋጋቸውን ወደዚያው አወረዱ። ሕዝቡ ተሻምቶ ገዛው። በጃንዋሪ 4 ቀን 2008 ዋርነር ከብሉሬይ ጋር ብቻ እንደሚቀጥል አሳወቀ፤ በፌብሩዋሪ 19 ቶሺባ ራሱ ኤችዲ ዲቪዲ ማምረቱን እንደሚያቆም ተናገረ። ከዚያ ርካሽ ሽያጭ እስከ ፍጻሜው አራት ወር እንኳ አልሞላም። የብዙ ሱቆች የመመለሻ ጊዜ ግን በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት የሚቆጠር ነበርና የገና ስጦታ አድርጎ የገዛ አባት ወሬው ሲሰማ ጊዜው አልፎበታል።

ሱቆች ሁሉ ፊት አዞሩ ማለቴ አይደለም። ሰርኪዩት ሲቲ ለኤችዲ ዲቪዲ ገዢዎች የመመለሻውን ጊዜ ወደ 90 ቀን አራዘመ። ቤስት ባይ ማጫወቻውን ለገዙ ደንበኞቹ የ50 ዶላር የስጦታ ካርድ ሰጠ። የመደበኛ ደንበኛነት ካርድ ኖሯቸው ግዢያቸው በመዝገብ ለተገኘው በፖስታ ተላከላቸው፤ በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ስሙን ሳይተው የሄደ ሰው መግዛቱን የማስረዳት ፋንታ የራሱ ሆነ።

የሱቅ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከተተወ ይጠቁራል፤ ኪስ ውስጥ ሲቆይ ጽሑፉ ይጠፋል። እኔ በነበርኩበት ሱቅ ሰዎች ባዶ ነጭ ወረቀት ይዘው መጥተው «ይኸው ደረሰኜ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነታቸውን ነበር፤ የሚነበብ ነገር ግን አልነበረበትም። ስለዚህ ገና ከሱቁ ሳትወጣ ደረሰኙን በስልክህ ፎቶ አንሳው። ካርቶኑንም፣ ውስጡ ያለውን ስፖንጅና ገመድ ማሠሪያ ሳይቀር፣ የመመለሻው ጊዜ እስኪያልፍ አትጣል። አሥር ዶላር አስወድዶ ሦስት ወር የሚታገስ ሱቅ አሥር ዶላር አርክሶ በሁለት ሳምንት በሩን ከሚዘጋብህ ይሻልሃል።

4. በነፃ የሚሰጥህን ነገር አስተውለህ ተቀበል።

በዚያን ጊዜ ማጫወቻ ለገዛ ሰው አምስት ፊልም በነፃ ይላክለት ነበር። የሚላክልህ ግን ከካርቶኑ ላይ ባርኮዱን ቆርጠህ፣ ከደረሰኙ ቅጂ ጋር በፖስታ ስትልክ ነው። ባርኮዱ የተቆረጠ ካርቶን ይዞ የመጣን ሰው ደግሞ ሱቁ ዕቃውን አይቀበለውም። አምስቱን ፊልም ብለህ መቀስ ስታነሳ የመመለስ መብትህን አብረህ ትቆርጣለህ። ማመልከቻው የሚያበቃበትን ቀን አይተህ፣ ዕቃውን ለመያዝ ከወሰንክ በኋላ ብቻ ቁረጥ።

5. ማጫወቻውን ከሱቅ ግዛ፤ ፊልሙን መጀመሪያ ተከራይ።

ኔትፍሊክስ ያኔ ሁለቱንም ዓይነት በፖስታ ያከራይ ነበር፤ ለእነዚህም መጀመሪያ ላይ ተጨማሪ አያስከፍልም ነበር። በዚህ መንገድ ፊልም ያዩ ሰዎች ፉክክሩ ሲያበቃ የከሰሩት በማጫወቻው ብቻ ነው። መደርደሪያ ሙሉ ቀይ ማኅደር የሰበሰቡት ግን ኪሳራቸው የፊልሞቹ ሆነ፤ እያንዳንዱን በሃያና በሠላሳ ዶላር የገዙ ነበሩና። ዋርነር በ2009 የቀዩን ዲስክ ሽፋን ለላከለት በ4 ዶላር ከ95 ሳንቲምና በማጓጓዣ ዋጋ ተመሳሳዩን ብሉሬይ መስጠት ጀመረ። ደግ ሥራ ነበር፤ ለዋርነር ፊልሞች ብቻ መሆኑ ነው እንጂ።

6. በፉክክሩ ቢሸነፍም ሌላ ሥራ የሚሠራ ዕቃ ካለ እሱን ምረጥ።

ሳምሰንግ የመጀመሪያውን የብሉሬይ ማጫወቻ በ2006 በ999 ዶላር ሲያወጣ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 በ499ና በ599 ዶላር ብሉሬይ ያጫውት ነበር። ብሉሬይ ቢሸነፍ እንኳ የጨዋታ መሣሪያነቱ አይቀርበትም። ለኤክስቦክስ 360 በ199 ዶላር ለብቻው የተሸጠው የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ ግን ፊልሙ ሲቆም የአብዛኛው ገዢ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ያሸነፈውን ወገን የመረጡትም ሁሉ አልተመቻቸውም። የመጀመሪያዎቹ የብሉሬይ ማጫወቻዎች ፊልሙን ቢያሳዩም በኋላ የመጡትን የኢንተርኔት አገልግሎቶች መክፈት አልቻሉም። ፕሌይስቴሽኑ በኢንተርኔት ራሱን እያደሰ አብሮ ሄደ።

7. ትልልቆቹ ሱቆች ወገን ሲለዩ ቦርሳህን ዝጋ።

በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2008 ኔትፍሊክስ ብሉሬይ ብቻ እንደሚይዝ አስታወቀ፤ በዚያው ቀን ቤስት ባይ ለደንበኞቹ ብሉሬይን እንደሚመክር ተናገረ። በፌብሩዋሪ 15 ዋልማርት ተከተለ። ቶሺባ እጁን የሰጠው ከዚያ በአራተኛው ቀን ነው። የመጨረሻውን ፍርድ የሰጡት ሻጮቹ ናቸው። ምልክቱን አይቶ የቆመ ሰው ቢያንስ የዚያን ሳምንት ገንዘቡን አተረፈ። በኋላ በርካሽ የተጣለውን ኤችዲ ዲቪዲ መልቀም ለሚያማልለው ደግሞ ይህን እነግረዋለሁ፦ ከዋርነር ዲስኮች ብዙዎቹ በጊዜ ብዛት ተበላሽተው አይነበቡም። ሳታጫውተው አትክፈል።

8. ለአገር ቤት ዘመድ የምትልክ ከሆነ የቀጠናውን ፊደል ተመልከት።

ብሉሬይ ዓለምን በሦስት ቀጠና ይከፍላል። አሜሪካ ኤ ውስጥ ነው፤ ኢትዮጵያ ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ ጋር ቢ ውስጥ ነው። ሜሪላንድ የገዛኸው ፊልም በቀጠና ከታሰረ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድምህ ከዱባይ ባስመጣው ማጫወቻ ላይ አይከፈትም። ፊደሉ በማኅደሩ ጀርባ ተጽፏል፤ ቀጠና ያልተወሰነባቸውም አሉ። በ2016 የመጡት ባለ 4ኬ ብሉሬዮች ይህ እገዳ የለባቸውም። ማጫወቻ ስትልክም በ220 ቮልት እንደሚሠራ ከጀርባው አንብብ።

9. ዛሬ ዲስክ የሚሸጥልህን ሱቅ በግዢህ አቆየው።

ኔትፍሊክስ በፖስታ ማከራየቱን በሴፕቴምበር 2023 አቆመ። ቤስት ባይ በ2024 የፊልም ዲስክ መሸጥ ተወ። ሰርኪዩት ሲቲ ሱቆቹን የዘጋው ገና በ2009 ነው። አማዞንና ዋልማርት አሁንም ይሸጣሉ፤ በየከተማውም ያገለገለ ፊልም የሚገዙና የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች አሉ። በኪራይ በኢንተርኔት የምታየው ፊልም አንድ ቀን ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል፤ በእጅህ ያለውን ዲስክ ግን ማንም መጥቶ አይወስድብህም። በሠፈርህ እንዲህ ያለ ሱቅ ካለ፣ እባክህ ልጄ፣ የሚቀጥለውን ፊልምህን በኢንተርኔት ከማዘዝህ በፊት ሂድና ባለቤቱን «አለህ ወይ?» ብለህ ጠይቀው።