ስለ ግሊሰሪንና ቆዳን ስለሚያለሰልስ ውሃ

የክረምቱ ዝናም አልፎ የበጋው ነፋስ በነፈሰ ጊዜ፥ ይልቁንም ውርጭ በሚበረታበት በደጋ አገር፥ የብዙ ተማሪዎች እጅና እግር ሲሰነጠቅ ይታያል። የተሰነጠቀ ቆዳ እንደ ተከፈተ በር ነውና እድፍ ይገባበታል፥ ያመረቅዝማል። እጁ የቆሰለ ሕፃን እርሳስ መያዝ ስለሚያመው ከጽሕፈት ይሸሻል፤ እኛም ሕመሙን ሳንመረምር ሰነፍ ነው ብለን እንፈርድበታለን። ስለዚህ በጥቂት ወጪ የሚዘጋጀውን ማለስለሻ መምህራንና ሽማግሎች ያውቁት ዘንድ ይገባል።

1ኛ፤ ግሊሰሪን ምን እንደ ሆነ።
ግሊሰሪን ቀለምና ሽታ የሌለው፥ እንደ ማር የወፈረ፥ ጣዕሙም ጣፋጭ የሆነ ፈሳሽ ነው። ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለ በስዊድን አገር ይኖር የነበረ የኬሚስትሪ ሊቅ፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1779 ዓ.ም. የወይራ ዘይትን እርሳስ ከተባለው ማዕድን ከሚገኝ ዱቄት ጋራ ሲያፈላ አገኘው። ስሙም ጣፋጭ ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ነው። በሳሙና መሥሪያ ስፍራም ዘይት ወይም ሞራ ከኮስቲክ ሶዳ ጋራ ሲቀቀል፥ አንዱ ወገን ሳሙና፥ ሁለተኛው ወገን ግሊሰሪን ይሆናል።

2ኛ፤ ቆዳን የሚያለሰልስበት ምክንያት።
በክረምት ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ ጨው ከአየሩ እርጥበት ስቦ ሲረጥብ አይተናል። ግሊሰሪንም እንዲሁ ውሃን ወደ ራሱ ይስባል። ነገር ግን አየሩ ደረቅ ሲሆን፥ ያልተበረዘ ግሊሰሪን የሚስበው ውሃ ከአየር ስለማያገኝ ከቆዳው ውስጥ ይስባል፤ በዚህም ቆዳው ይብሱን ይደርቃል። ብዙ ሰው ንጹሑን ግሊሰሪን በብዛት ተቀብቶ አልረዳኝም የሚለው ስለዚህ ነው። እንግዲህ በውሃ መበረዝ የግድ ነው።

3ኛ፤ አሠራሩ።
የሚያስፈልገው ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ግሊሰሪን፥ ንጹሕ ውሃ፥ አንድ የቡና ስኒና መርጫ ያለው ጠርሙስ ነው። አስቀድሞ ጠርሙሱን በሳሙና አጥቦ በፈላ ውሃ ማለቅለቅ፤ ጠርሙሱ ሙቀት የማይችል እንደ ሆነ ውሃው ጥቂት ይብረድ። ቀጥሎ ውሃውን አፍልቶ ከድኖ ማቀዝቀዝ። ከዚህ በኋላ በ1 ስኒ ግሊሰሪን 9 ስኒ ውሃ መጨመር። ግሊሰሪን ከውሃ ይከብዳልና ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ በደኅና መነቅነቅ ያሻል። ለጥቂት ሰው የሚሠራ በስኒው ፈንታ በማንኪያ ይስፈር፤ መጠኑ ያው ነው።

ገላን ታጥቦ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ይረጩታል፥ በእጅም ያሹታል። በላዩ ጥቂት ቫዝሊን ቢቀቡበት እርጥበቱ ቶሎ አይተንም።

4ኛ፤ ጥንቃቄ።
ይህ ውሃ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ መድኃኒት የለበትምና በቀዝቃዛ ስፍራ ተቀምጦ ከ1 ሳምንት በላይ አይቆይ፤ ቢደፈርስ ወይም ሽታው ቢለወጥ ይደፋ። አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ ወገን ጥቂት ረጭቶ 1 ቀን መጠበቅ መልካም ነው። በዓይን፥ በሚደማ ወይም በሚያመረቅዝ ቁስል ላይ አይረጭ፤ እንዲህ ያለውን ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይገባል። ሽቶ መጨመር የሕፃናትን ቆዳ ሊያስቈጣ ስለሚችል ይቅር። ጣፋጭነቱ ልጆችን እንዳያስት በጠርሙሱ ላይ ስሙ ይጻፍ፤ ምልክት የሌለውንም ግሊሰሪን ከገበያ አትግዙ።

ከሁሉ ይልቅ መምህር ይህን ልብ ያድርግ፤ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የሚባለው ሐምራዊ መድኃኒት ከግሊሰሪን ጋራ ቢገናኝ እሳት ሳይለኰስበት በራሱ ይነዳል። ሁለቱ በአንድ ሣጥን ከቶ አይቀመጡ።

የተማሪዎች ጥያቄ።
1. ግሊሰሪን ሳይበረዝ በበጋ ቢቀቡት ቆዳን ስለምን ያደርቃል?
2. በ3 ማንኪያ ግሊሰሪን ስንት ማንኪያ ውሃ ይጨመራል?
3. የተዘጋጀው ውሃ ስለምን ብዙ ቀን አይቀመጥም?