ከፈረስ ወድቆ የተነሣ ሰው ደኅና ነውን?

በአዊ አገር ጥር 23 ቀን የፈረስ በዓል ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ያከብራል፤ የአዲስ ቅዳም ልጆችም ቀኑ ሳይደርስ በየሜዳው ስንለማመድ እንሰነብታለን። በጉግስ አንዱ ያሳድዳል፣ ሌላው በጋሻው እየመከተ ይሸሻል፤ መውደቅም አለ።

አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ በግልቢያ ላይ ወደቀና ወዲያው ብድግ አለ። «አይዞህ አንበሳው!» ተባለ። ልጓሙን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል ወደ እኔ ዞሮ «ይህ የማን ፈረስ ነው?» አለኝ። ነገርሁት። ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ጠየቀኝ፤ ሦስተኛም ደገመው። ፈረሱ የራሱ ነበር። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ወጥቶ ጋለበ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ራሱን ሲያመውና መጽሐፍ ሲገልጥ ፊደሉ ሲደባለቅበት ከረመ።

ሐኪሞች ይህን የአንጎል መናወጥ ይሉታል። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ የተከበበ ለስላሳ አካል ስለ ሆነ፣ ራስ በድንገት ሲወረወር ይናጣል። ሆልበርን የተባለው የኦክስፎርድ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1943 በጄላቲን አምሳያ መርምሮ፣ ይበልጥ የሚጎዳው የራስ መጠማዘዝ መሆኑን ገለጠ። በዚያን ጊዜ ከሕዋሳቱ ፖታሲየም ይወጣል፣ ካልሲየም ይገባል፤ ሚዛኑን ለመመለስም ብዙ ኃይል ይፈጃል። ጉዳቱ የአሠራር እንጂ የስብራት ስላይደለ በተለመደው የራስ ፎቶግራፍ አይታይም። ራሱን የሚስተውም ከአሥሩ አንድ እንኳ አይሞላም፤ «ራሱን አልሳተም» ማለት እንግዲህ ማስረጃ አይሆንም።

ብዛቱ የሚለካው በ1000 የተጫዋች ሰዓት ነው። በእንግሊዝ አገር የራግቢ ባለሙያዎች ዘንድ ወደ 20 ይጠጋል፤ በአንድ ግጥሚያ 30 ሰዎች 80 ደቂቃ ስለሚጫወቱ፣ በአምስት ግጥሚያ አራት ሰው ማለት ነው። በእግር ኳስ ከአንድ በታች ነው። የፈረሱ ነገር ግን እኔን አስደንግጦኛል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 በአሜሪካ ሆስፒታሎች ከተመዘገበው የአዋቂዎች የስፖርት የአንጎል ጉዳት 45 በመቶ ያህሉ ከፈረስ ግልቢያ የመጣ ነበር። ይህም ሆስፒታል የደረሰው ብቻ ነው፤ ተነሥቶ የጋለበውን ማን ቆጠረው?

ስለ ማገገሚያው እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም የተሰበሰቡት ጠበብት እንዲህ ይላሉ፤ የተጠረጠረ ሰው በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሥራ ያቃልላል እንጂ ጨለማ ቤት ተኝቶ አይውልም፤ ቀስ ብሎ መራመድ ይጠቅመዋል። ከዚያ በደረጃ ይወጣል። በየደረጃው ቢያንስ አንድ ቀን ይቆያል፤ መውደቅና መጋጨት ወዳለበት የሚገባውም ሐኪም ሲፈቅድለት ነው። ባሰባሰቡት ጥናት ወደ ትምህርት ለመመለስ በአማካይ 8 ቀን፣ ወደ ስፖርት 20 ቀን ያህል ፈጅቷል። በእኛ አቆጣጠር፣ ጥር 3 የወደቀ ለጥር 23 ገና መድረሱ ነው። ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ ራስ ምታቱ የሚበረታበት፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ግን ያን ሰዓት ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ሽማግሌዎቻችን «ፈረስ የጣለው ወዲያው ካልወጣ ፈሪ ሆኖ ይቀራል» ይላሉ። ስለ ልብ ያሉት እውነት ይሆናል። ባለፈው ልምምድ ግን አንድ ልጅ ሲወድቅ ልጓሙን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ዛሬ ምን ቀን እንደ ሆነ ብጠይቀው ዝም አለኝ። ፈረሱን ወደ ቤት ሰደድሁበት፤ እስከ ማታም አላናገረኝም።