በኢንተርኔት ሲዘዋወሩ ለሙያዎ የሚሆን ነገር ይዘው ይውጡ

የምሳ እረፍት፣ የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ ከመተኛት በፊት ያለችው ሰዓት፤ ይህ ሁሉ ዛሬ በስልክ ላይ ያልፋል። ሠርቶ የደከመ ሰው መዝናናት ይገባዋልና በዚህ ማንንም አልወቅስም። የምመክረው የሚያዩትን ነገር ራስዎ እንዲመርጡ ነው። ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ ከፊትዎ የሚደረድረው ቪዲዮ የሚመረጠው ብዙ ሰዓት እንዲያቆይዎት ታስቦ ነው። ከዚያ ሰልፍ ወጣ ብሎ ለሚፈልግ ግን የሚያስቅም የሚያስደንቅም፣ በነጻ የተቀመጠ ሰፊ ሀብት አለ። ይህን የመፈለግ ልማድ ያለው ሠራተኛ እየተዝናና ሙያውን ያሳድጋል። ከዚህ በታች የማቀርባቸው እኔ ራሴ ከልቤ የምወዳቸው ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጋር ለሥራ እንዴት እንደሚውል አብሬ አነሳለሁ።

የሚያስቅ ታሪክ ሲያገኙ ችግሩን ይፈልጉ

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ የቡና ማፍያ ነበራቸው። ማፍያው የተቀመጠው ትሮጃን ሩም በሚባል ክፍል ስለነበር ከሌላው የሕንፃው ክፍል ተነስቶ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶውን ያገኘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ካሜራ አዙረውበት የማፍያው ምስል በውስጥ መስመር በየኮምፒውተራቸው እንዲታይ አደረጉ። በ1993 ምስሉ በድር ላይ ወጣና ከየአገሩ ያለ ሰው ረግጦት የማያውቀውን ቢሮ ቡና መመልከት ጀመረ። ካሜራው በ2001 ሲዘጋ ማፍያው በኢንተርኔት ጨረታ ከ3,000 ፓውንድ በላይ ተሸጠ። በዓለም የመጀመሪያው የድር ካሜራ የሚባለው ይኸው ነው።

ታሪኩ ያስቃል፤ ቁም ነገሩ ግን ሰዎቹ በየቀኑ የሚያመላልሳቸውን ትንሽ ችግር ንቀው አለማለፋቸው ነው። በእርስዎ መሥሪያ ቤትስ ሰው በከንቱ የሚመላለሰው ለምንድን ነው? ፋይሉ መመለሱን ለማየት ወደ መዝገብ ቤት? ዕቃው መኖሩን ለማጣራት ወደ መጋዘን? ጠዋትና ከሰዓት በቴሌግራም ግሩፕ የሚለጠፍ አንድ ፎቶ ያንን ሁሉ እግር ሊያሳርፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ታሪክ ባነበቡ ቁጥር፣ «ሰዎቹ የፈቱት ችግር ከእኔ ሥራ የትኛውን ይመስላል?» ብለው ይጠይቁ።

ከድር ላይ የጠፋውን ገጽ መልሰው ያንብቡ

ብሩስተር ኬል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንተርኔት አርካይቭ የተሰኘ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቋመ። ሥራው ድረ ገጾችን በየጊዜው እየቀዱ ማስቀመጥ ነው። ይህ ክምችት ዌይባክ ማሽን በሚል ስም ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። የአንድን ድረ ገጽ አድራሻ ሲያስገቡበት ገጹ የተቀዳባቸውን ዓመታትና ቀናት ይዘረዝርልዎታል። የሚያውቁት ጋዜጣ ወይም ኩባንያ ከ20 ዓመት በፊት ምን ይመስል እንደነበር ማየት በጣም ያዝናናል።

ሥራ ፈላጊ ከሆኑ ግን ከመዝናኛነት ያልፋል። ለቃለ መጠይቅ ከመሄድዎ በፊት ድርጅቱ ባለፉት ዓመታት ስለ ራሱ ምን ይል እንደነበር፣ የትኛውን አገልግሎት እንደጨመረና የትኛውን እንደተወ ይመልከቱ። የድርጅቱን አካሄድ አውቆ የሚመልስና የሚጠይቅ አመልካች ከሌላው ተለይቶ ይታያል። ጋዜጠኛ፣ የሕግ ባለሙያ ወይም የግዢ ሠራተኛ ከሆኑ ደግሞ ነገ ሊጠፋ ይችላል ብለው የሚሰጉበትን ገጽ ዛሬውኑ እዚያ እንዲቀመጥ ማድረግ ይችላሉ። የተቀመጠበት ቀን አብሮ ስለሚመዘገብ በኋላ ለማስረዳት ያግዝዎታል።

የአገርዎን ቅርስ በስክሪንዎ ይመርምሩ

ለእኛ ከሁሉ የሚያስደስተው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነስተው ነበር። ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። የብራናዎቹን ዝርዝር በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ዛሬ ብዙዎቹን በነጻ ተመዝግቦ በኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። በኒውዮርክ የሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የቅጂ መብት የሌለባቸውን ከ375,000 በላይ ምስሎች ማንም እንዲጠቀምባቸው ለቅቋል። ሙዚየሙ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የተሣለ ባለ ሥዕል የኢትዮጵያ ወንጌልም አለው።

ግራፊክ ዲዛይነር፣ የጥልፍ ባለሙያ፣ ሠዓሊ ወይም የማስታወቂያ ሠራተኛ ከሆኑ የሐረጉን አጣጣል፣ የቀለሙን አመራረጥና የፊደሉን አቋም ቀርበው አጉልተው ያጥኑ። ከሌላ አገር የተገለበጠ ንድፍ በበዛበት ገበያ የራሱን ሥር የሚያውቅ ባለሙያ ተፈላጊ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ምስሉን ለንግድ ከማዋልዎ በፊት የባለቤቱን የአጠቃቀም ፈቃድ ያንብቡ፤ እንደ ሜትሮፖሊታን በነጻ የሚለቅ አለ፣ ፈቃድ የሚጠይቅም አለ።

መምህራን ድንቅነሽን እንዳያልፏት። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ አጥንቶቿ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በስካን ተነስተዋል። የትከሻዋና የጉልበቷ አጥንቶች ባለ ሦስት አውታር ምስል በ2016 ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበት ተለቅቋል። ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ያለው ትምህርት ቤት አጥንቱን አትሞ ለተማሪ ማስጨበጥ ይችላል፤ የሌለው ደግሞ በስክሪን እያዟዟረ ያሳያል።

ምድርን ከላይ፣ ሰማይን ከታች

ጎግል ኧርዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1984 ወዲህ በሳተላይት የተነሱ ምስሎችን በቅደም ተከተል የሚያሳይ ታይምላፕስ የሚባል ክፍል አለ። አዲስ አበባ ወደ ዳር ስትሰፋ፣ አቢጃታ ሐይቅ ሲሸሽ፣ በመካከለኛው እስያ የአራል ባሕር ሲደርቅ በደቂቃ ውስጥ ያያሉ። የግብርና ባለሙያ፣ የከተማ ፕላን ሠራተኛ ወይም መሬት በሊዝ ወስዶ መሥራት የሚፈልግ ሰው አካባቢው እንዴት እንደተለወጠ አስቀድሞ ማየቱ ይጠቅመዋል።

ለሳይንስ ፍላጎት ያለው ደግሞ ዙኒቨርስ የተባለውን ድረ ገጽ ይጎብኝ። በዚያ ተራ ሰው የተመራማሪዎችን ምስል እየለየ ያግዛል። ይህ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ጋላክሲ ዙ በሚል ስም ነበር። በዚያው ዓመት ሃኒ ቫን አርከል የተባለች የኔዘርላንድስ መምህርት ምስሎቹን ስትለይ ማንም ልብ ያላለውን እንግዳ የጋዝ ደመና አየችና ጠየቀች። ጥያቄዋ ለሳይንቲስቶች የምርምር ርዕስ ሆነ፤ ሃብል ቴሌስኮፕም ደመናውን አነሳው። የሥነ ፈለክ ዲግሪ አልነበራትም፤ ያላወቀችውን ነገር ሳትጠይቅ አለማለፏ ግን ለዚህ አበቃት። ይህ በየትኛውም ሥራ የሚከበር ጠባይ ነው።

ልማዱን እንዴት ይያዙት?

- ሰዓት ይወስኑ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 30 ደቂቃ ይበቃል። የሥራ ሰዓት ግን የአሠሪዎ ነው፤ አይንኩት።
- ሲፈልጉ ሙሉ ሐረጉን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡ። ጎግል ቃላቱን በዚያው ቅደም ተከተል የያዙትን ገጾች ይፈልግልዎታል።
- ዳታ ይቆጥቡ። ከባድ ፋይል ቅናሽ ባለበት የሌሊት ጥቅል ወይም ዋይፋይ ባለበት ቦታ ያውርዱ። ኪዊክስ በተባለው መተግበሪያ ዊኪፒዲያን አንዴ አውርደው ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይችላሉ።
- ያገኙትን ያስቀምጡ። ሊንኩን ለራስዎ በቴሌግራም ይላኩና ለምን እንደሚጠቅምዎት አንድ መስመር ይጻፉበት። ማስታወሻ የሌለው ሊንክ ከወር በኋላ ተመልሶ አይከፈትም።
- ከማጋራትዎ በፊት ያጣሩ። ፎቶውን በጎግል ሌንስ ፈልገው ከዚህ በፊት የት የት እንደወጣ ይመልከቱ። የሚያስደንቅ ነገር ሁሉ እውነት አይደለም፤ በሐሰት ወሬ የታወቀ ባልደረባ እውነት ሲናገርም ሰሚ ያጣል።
- የይለፍ ቃል፣ የባንክ ቁጥር ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ «አስገራሚ» ገጽ ከገጠመዎት ወዲያው ይዝጉት።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመያዝ አይጣደፉ። ከእነዚህ ውስጥ ለሙያዎ የሚቀርበውን አንዱን መርጠው በዚህ ሳምንት ይሞክሩት፤ ያገኙትንም ለአንድ የሥራ ባልደረባዎ ያሳዩት። እውቀት ሲካፈሉት ይበዛል፤ መሥሪያ ቤትም የሚያድገው እንዲህ የሚካፈሉ ሠራተኞች ሲኖሩት ነው።